የማይተኛው ጓደኛችን ሌሊቱን ምን ሲሠራ ያድራል?

(የጠረጴዛ ጨዋታ ለሚወዱ ወዳጆች ካደረግኩት ንግግር የተዘጋጀ። የተንዛዛውን ቆርጫለሁ፤ ቀልዱን ግን አልነካሁትም። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ከአንድ ኀፍረቴ ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አዲስ ልጅ ጠረጴዛችን ላይ መጣ። ወረቀት ሰጠነው፤ እርሳስ ሰጠነው፤ ዳይስ ሰጠነው። ከዚያ እኔ የአጫዋችነት ወጌን ለመጠበቅ ኮስተር ብዬ "ዘርህ ምንድን ነው?" አልኩት።

ልጁ ዝም አለ። አጠገቡ ያለውም ዝም አለ። ቡና የምታፈላው እህቴ እንኳ ቀና ብላ አየችኝ።

እኔ ማወቅ የፈለግኩት በጨዋታው ውስጥ የሚሆነው ኤልፍ ነው ወይስ ድዋርፍ የሚለውን ነበር፤ ሁለቱም የፈረንጅ ተረት ፍጡራን ናቸው። ግን አያችሁ፣ "ሬስ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ስናመጣው "ዘር" ይሆናል። መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ "ብሔር" የሚል መስመር የሞላ ሰው ይህን ጥያቄ በጨዋታ አይሰማውም። ፈረንጆቹም በራሳቸው መንገድ ዞረው እዚያው ደርሰዋል። ፓዝፋይንደር የሚባለው ጨዋታ በ2019 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ቃሉን ጥሎ "የትውልድ ሐረግ" ወደሚል ሄደ። ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ጨዋታ ደግሞ በ2024ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ላይ "ዝርያ" አለው። "ዝርያ" ለእኔ ጆሮ የበግና የስንዴ ነው። ስለዚህ እኛ ጠረጴዛ ላይ "ወገን" እንላለን። "ወገንህ ከየት ነው?" ሲባል ቢያንስ ቡናው አይቀዘቅዝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እንዳትጠፉብኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ ዓለሙን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይዘው "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል። በቃ ይኸው ነው። ቀሪው ተረት ተረት ነው፤ የላም በረት።

የዛሬው ወሬዬ ግን ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ተጫዋች መጥቶ "እኔ ሰው መሆን ሰልችቶኛል፤ ኤሊ መሆን እፈልጋለሁ" ሲላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?

ጥያቄው ራሱ ጨዋታውን ያክላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ያወጡት ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ሦስት ትንንሽ ቡክሌቶች ነበር። ከሰው ሌላ ኤልፍ፣ ድዋርፍና ሆቢት (ከቶልኪን ልብ ወለድ የመጣው ትንሽ ሰው) መሆን ይቻል ነበር። ሆቢቱ በኋላ የባለቤትነት ጣጣ መጣና "ሃፍሊንግ" ተባለ። ገጸ ባሕሪ እየተጫወተ ሲበረታ ደረጃ በደረጃ ያድጋል፤ ድዋርፍ ሆኖ የሚዋጋ ሰው ግን ከስድስተኛው ደረጃ አያልፍም። ሰው ከሆንክ ግን ጣሪያ የለህም። መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ሰው ሁን።

እዚያው ቡክሌት ውስጥ ግን አንዲት አጭር አንቀጽ ተሸጉጣለች። ተጫዋቹ የፈለገውን ነገር መሆን ይችላል ትላለች፤ ብቻ ደካማ ሆኖ ይጀምርና ቀስ እያለ ይደግ። ምሳሌዋ ዘንዶ ነው። ዘንዶ ልሁን ያለ ሰው ለጋ ዘንዶ ሆኖ ይጀምራል። እኔ ይቺን አንቀጽ እወዳታለሁ። ቁጥር የላትም፤ ሠንጠረዥ የላትም። "እንየዋ፣ ሞክረው" እንደሚል አጎት ናት።

አምስት ዓመት ቆይቶ ነገሩ ተቀየረ። ጋይጋክስ በ1979 ለአጫዋቾች ባወጣው መጽሐፍ ጭራቅ ልሁን የሚል ተጫዋች ሲመጣ እንድንጠነቀቅ ይመክራል። እንዲህ ያለ ሰው በአብዛኛው ከጓደኞቹ በልጦ ለመታየት ነው የሚፈልገው ይላል።

ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን እውነት ደግሞ እኔው በራሴ ወጪ ተምሬዋለሁ።

አራኮክራ የሚባል የወፍ ወገን አለ። በ2015 በወጣው መልኩ በአንድ ተራ 50 ጫማ ይበር ነበር፤ 15 ሜትር ማለት ነው። ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ከመጀመሪያው ቀን። አንድ ጓደኛችን "ይሄን ልጫወት" አለኝ። እኔም ደስ እንዲለው ብዬ እሺ አልኩ። በዚያን ሰሞን አንድ ገደል እያዘጋጀሁ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። የበሰበሰ ድልድይ አለው፤ ከድልድዩ ሥር ቀረጥ የሚጠይቅ ትሮል የሚባል ጭራቅ አለው፤ ገመድ የሚሸጥ ውሸታም ሽማግሌም አለው። ጓደኛችን ገመዱን ይዞ በረረና ማዶ ካለው ዛፍ ላይ አሰረው። አራት ደቂቃ። ትሮሉ ከድልድዩ ሥር ብቅ ሳይል ቀረ። ውሸታሙ ሽማግሌ እስከ ዛሬ ገዥ አላገኘም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሌሎቹ ሦስቱ ስልካቸውን መነካካት መጀመራቸው ነበር።

ነገሩ ለምን እንደሚበላሽ ካየነው፣ ጠንቋይ የመብረር አስማት የሚያገኘው አምስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ጨዋታው የተሠራው እስከዚያ ድረስ ወንዝ ወንዝ ሆኖ፣ ግንብም ግንብ ሆኖ እንዲቆይ ነው። ክንፍ ያለው ሰው ይህን ሁሉ በነጻ ያልፈዋል። ብዙ አጫዋቾች በራሪ ወገን ጭራሽ አይፈቅዱም። አሳታሚው ራሱ ወገኑን በ2022 ሲያድስ በረራውን ወደ እርምጃው ፍጥነት አወረደው። ደህና አደረገ፤ ገደሌን ግን አይመልስልኝም።

ታዲያ ዋጋ ማስከፈል ነው መፍትሔው? ተሞክሯል። በ2000 በጀመረው ሦስተኛው እትም ኃይለኛ ወገን የመረጠ ሰው በደረጃ ይከፍል ነበር። ለምሳሌ ድራው፣ ያ ከምድር ሥር የሚኖረው ጥቁር ኤልፍ፣ ዋጋው ሁለት ደረጃ ነው። አንደኛ ደረጃ ድራው ጠንቋይ እንደ ሦስተኛ ደረጃ ይቆጠራል። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ጠረጴዛው ላይ ግን ልጁ የአንደኛ ደረጃ ነፍስ ይዞ የሦስተኛ ደረጃ ጭራቅ ፊት ይቆማል። አንድ ምት፣ በቃ፣ ሞተ። ሁለት ደረጃ ከፍሎ የገዛውን ነገር ሳያሳየን ቀበርነው።

እኔ ዋጋው ከስጦታው ጋር ተሰፍቶ ሲመጣ ነው የምወደው። ቶርትልን ተመልከቱ። ቶርትል የኤሊ ወገን ነው። ድንጋዩን ጀርባው ላይ ይዞ ስለሚወለድ የመከላከያ ቁጥሩ ከመነሻው 17 ነው። ለአንደኛ ደረጃ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጥሩር መልበስ አይችልም፤ መቼም። ጓደኞቹ ብር ሲያገኙ፣ አስማት ያለበት ጥሩር ከመቃብር ሲያወጡ፣ እሱ ያው ድንጋዩን ይዞ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ወር ሁሉም ይቀኑበታል። በስድስተኛው ወር እሱ ይቀናል። ሕጉ ሁለት መስመር ናት፤ የሰውየው ዕድሜ ግን ውስጧ አለ።

ሌላም አለ። ፕላዝሞይድ የሚባል እንደ አጥሚት የሚፈስ ፍጡር በ2022 ለተጫዋች ተፈቀደ። በአንድ ኢንች ቀዳዳ ይሾልካል። ግን የለበሰውንና የያዘውን ሁሉ ትቶ ነው የሚሾልከው። እስር ቤቱን ሰብሮ ይገባል፤ ዘበኛው ፊት ራቁቱን፣ ያለ ሰይፍ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጨዋታ እናንተው ጨርሱት።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ያወራሁት የሚዛን ነገር ነው። ሚዛን ቀላሉ ክፍል ነው ብል ትቆጡኛላችሁ? ቁጥር ከበዛ ይቀነሳል። እኔን የሚያሳስበኝ ተጫዋቹ የመረጠውን ወገን በሁለተኛው ሳምንት መርሳቱ ነው። ወረቀቱ ላይ "እንሽላሊት" ይላል። ጠረጴዛው ላይ ግን ያው እኛ የምናውቀው ልጅ ነው፤ ጭራ ያለው። ይበላል፤ ይተኛል፤ በር ያንኳኳል፤ "እንዴት አደራችሁ" ይላል። ታዲያ እንሽላሊቱ የት አለ?

ስለዚህ እኔ አሁን ስለ ኃይሉ መጠየቅ ትቻለሁ። የምጠይቀው ምን ይበላል፣ ሌሊቱን ምን ያደርጋል፣ ሰው ደጅ ሲደርስ ምን ብለው ይቀበሉታል የሚለውን ነው።

ይህን ያስተማረኝ ዋርፎርጅድ ነው። የጨዋታው አሳታሚ በ2002 አዲስ ዓለም ፍለጋ ውድድር አወጣ። ኪዝ ቤከር የሚባል ሰው አሸነፈ። ዓለሙ ኤቤሮን ይባላል፤ በ2004 ታተመ። እዚያ ለረጅም ጦርነት ተብለው ከእንጨትና ከብረት የተሠሩ ፍጡራን አሉ። ያስባሉ፤ ይፈራሉ፤ ይወዳሉ። አይበሉም፤ አይጠጡም፤ አይተኙም። ጦርነቱ ሲያበቃ በስምምነት ነጻ ወጡ። ለጦርነት የተሠራ ሰው በሰላም ቀን ምን ይሠራል? አንድ ወገን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ከመጣ ክንፍ ምን ያደርግለታል?

ጠረጴዛችን ላይ አንድ ልጅ ዋርፎርጅድ ሆነ። የመጀመሪያው ችግር ገና ከደጃፍ መጣ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት በሩን ከፈተች። እኔ ነኝ እሷን የምጫወተው። አፌን ከፈትኩና ቆምኩ። "ግባ" ልበል? "ግቢ"? "ይግቡ"? እንግሊዝኛ ተናጋሪ አጫዋች ይህን ጭንቅ አያውቀውም፤ አንድ ቃል ለሁሉም ይበቃዋል። አማርኛ ግን በር ሲከፈት ወንድ ነህ ሴት፣ ታላቅ ነህ ታናሽ ብሎ ይጠይቃል። ዋርፎርጅድ ወንድም ሴትም አይደለም። ዕድሜውስ? አንጋፋው እንኳ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው።

አብሮት ያለው ኤልፍ 120 ዓመቱ ነው። በኤልፍ ደንብ ጎልማሳ የሚባለው 100 አካባቢ ነው፤ እስከ 750 ይኖራልና። ስለዚህ ገና ጎረምሳ ነው። እና 120 ዓመት የሞላውን ሰው "አንተ ልጅ" ትለዋለህ? ያ ወፉ ጓደኛችን ደግሞ በሦስት ዓመቱ ለአቅመ አዳም ደርሷል፤ ከ30 እምብዛም አያልፍም። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው አራኮክራ ሽማግሌ ነው። "እርስዎ" ይገባዋል።

ያን ቀን ምሽቱን ሙሉ አንድም ጭራቅ አልገደልንም። ማን ማንን አንቱ እንደሚል ስንከራከር አመሸን። የማረፊያዋ ባለቤት በመጨረሻ ወፉን "አባቴ"፣ ኤልፉን "አንተ"፣ ዋርፎርጅዱን ደግሞ ምንም ሳትለው ወንበር ሳበችለት። ልጁ ኋላ ላይ ነገረኝ፦ "ምንም ያለማለቷ ነው ያመመኝ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ገጸ ባሕሪው ስም የሚሰጠው ሰው ፍለጋ ጀመረ። ይህን እኔ አላቀድኩትም። ሰዋስው ነው ያመጣው።

ሁለተኛው ችግር ግብዣው ላይ ነው። አንድ መንደር ከሽፍታ አድነናልና ድግስ ተደገሰልን። በእኔ ዓለም ያለ መንደር እንጀራ ይበላል፤ ማን ይከለክለኛል? አንዲት እናት ጉርሻ ጠቅልለው ወደ ዋርፎርጅዱ መጡ።

"ልጄ፣ እንካ።"

"እማማ፣ እኔ አልበላም።"

"በሞቴ!"

"ሆድ የለኝም፣ እማማ።"

"አፈር ስሆን! አንዲት ብቻ!"

ልጁ ጨነቀው። ወረቀቱን አየ፤ ሕጉን አየ። መጽሐፉ ውስጥ "በሞቴ" ለተባለ ዋርፎርጅድ የተጻፈ ሕግ የለም። በመጨረሻ እጁን ዘረጋ። ጉርሻውን በብረት መዳፉ ተቀበለ። ድግሱ እስኪያልቅ፣ ሰው ሁሉ እስኪተኛ፣ እስኪነጋ ድረስ ጉርሻውን ይዞ ተቀምጦ አደረ። አይተኛም አላልኳችሁም? እኚያ እናት በማለዳ ለውኃ ሲወጡ እንደያዘው አገኙት።

ዳይስ አልተጣለም። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረ ሰው ግን ዛሬም የሚያወራው ስለ ትሮል ሳይሆን ስለዚያ ጉርሻ ነው።

ኬንኩንም ልጥቀስ፤ እሱ ደግሞ በሌላ መንገድ ያስቸግራል። የቁራ ወገን ነው። በ2016 በወጣው መልኩ የራሱ ድምፅ የለውም፤ የሰማውን ድምፅ ብቻ ነው የሚደግመው። በ2022 ይህን ግዴታ አላሉለት። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ብዙ ጠረጴዛ ላይ ኬንኩ የሆነ ሰው ወይ ዝም ብሎ ያመሻል ወይ ደንቡን ረስቶ ያወራል። እኛ ጋ የነበረችው ልጅ ግን ማስታወሻ ደብተር ያዘች። ሌሎቻችን ያልነውን ትጽፋለች፤ ተራዋ ሲደርስ ከዚያ መርጣ ታነባለች። አንድ ቀን ሌባ ሆኖ የሚጫወተው ጓደኛችን ከሁለት ወር በፊት "እምላለሁ፣ አልሰረቅኩም" ያለውን በራሱ ድምፅና ቅላጼ፣ ባለ ንብረቱ ፊት ደገመችለት። ጓደኛችን እስካሁን ይቅር አላላትም። ያኛው ሕግ ለእሷ ስጦታ ነበር፤ ለሌላ ሰው እስር ቤት ይሆናል። ስለዚህ ማን እንደሚጫወተው ሳላውቅ ስለ ኬንኩ ጥሩም መጥፎም አልልም።

"አስቂኝ ቢሆንስ?" ትሉኝ ይሆናል። በ1978 የወጣው ሩንክዌስት ውስጥ ዳክዬ መሆን ይቻላል። አዎ፣ ዳክዬ፤ ሰይፍ የያዘች። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ብዙዎቹ የሞት አምላክ የሆነውን የሁማክትን እምነት እንደሚከተሉ፣ ከመቃብር ከተነሱ ሙታን ጋር እንደሚዋጉ ያነባል። ሳቁ ይቀንሳል። አስቂኝ መልክ ችግር የለበትም፤ ዓለሙ በቁም ነገር ከያዘው።

አሁን ወደ ከበደው ልምጣ። ጅብ።

ጨዋታው ውስጥ ኖል የሚባል የጅብ መልክ ያለው ፍጡር አለ። በአምስተኛው እትም ታሪክ መሠረት ዪኖጉ የሚባል ጋኔን የገደላቸውን ሰዎች ሥጋ የበሉ ጅቦች ናቸው ኖል የሆኑት። ክፋቱ ከሥራው ሳይሆን ከሥጋው ነው። በ2016 ጎብሊን፣ ኮቦልድና ኦርክ ለተጫዋች ሲፈቀዱ ኖል ውጭ ቀረ።

አንድ ጓደኛችን በዚህ ተቆጣና የራሱን ሊሠራ ተነሳ። "ቡዳ" የሚባል ወገን። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ፤ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ዓይኑ ይበላል። ሐሳቡ ያምራል። ደግሞም የራሳችን ነው፤ ከማንም አልተዋስነውም።

እኔ ግን እምቢ አልኩ። ምክንያቱም ቡዳ በእኛ አገር የተረት ጭራቅ ብቻ አልነበረም። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤሎችን ጎረቤት "ቡዳ ነው" እያለ ሲሸሻቸው፣ ሲከሳቸው ኖሯል። ማረሻውን ከሰውየው ገዝቶ ሰውየውን ያገለለ አገር ነው። ያን ስድብ ወስዶ ሠንጠረዥ ውስጥ "የተፈጥሮ ችሎታ" ብሎ ማስገባት ስድቡን እውነት ማድረግ ነው። የመንደሩ ሰው ልክ ነበር ማለት ነው፤ ቀጥቃጩ እውነትም ጅብ ነበር ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በ2022 ሐዶዚ የሚባል ዝንጀሮ መሰል ወገን ታተመ። አንድ ጠንቋይ ባሪያ ሊያደርጋቸው ብሎ አእምሮ ሰጣቸው፣ ኋላ ነጻ ወጡ የሚል ታሪክ ተጽፎላቸው ነበር። አንባቢዎች በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ ሲነገር ከኖረው ጋር አያያዙት። አሳታሚው በሳምንታት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አነሳ። የጻፈው ሰው ክፉ አስቦ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። ቃሉ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ነው የጻፈው፤ እኔ "ዘርህ ምንድን ነው" እንዳልኩት።

ጓደኛችን ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ከዚያ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። አሁንም ጅብ ነው። ግን "ቡዳ" የሚለው ተሰርዟል። የመጣው ከሐረር ነው። የሐረር ጁገል ግንብ ሥር ጅቦች ሌሊት የሚገቡበት ቀዳዳ አለ። ገብተው ጥራጊውን ያጸዳሉ፤ ሰውም ያውቃቸዋል፤ በእጁ የሚያበላቸውም አለ። ጓደኛችን ከዚያ ተነስቶ ቀን ከከተማ ውጭ የሚውል፣ ሌሊት በቀዳዳው ገብቶ የከተማውን ቆሻሻ የሚያነሳ ወገን ሠራ። ውሉ የቆየ ነው። ከተማው በዋናው በር አያስገባቸውም፤ ቀዳዳውንም አይደፍንባቸውም። ችሎታው አንድ ብቻ ነው፦ ሰው የጣለውን አሽትቶ ማን እንደጣለው ያውቃል። ከተማ ውስጥ ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ችሎታ ካለ ንገሩኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ከተማው ከመሸ በሩን ዘግቷል። ጅቡ "በእኛ በር ግቡ" አለ። ኤልፉ ካባውን ሰብስቦ ተንበረከከ። ሽማግሌው ወፍ ክንፉን አጥፎ፣ ከግንቡ በላይ መብረር እየቻለ፣ ከእነሱ ጋር በሆዱ ተሳበ። ዋርፎርጅዱ ትከሻው አልገባ አለ። ቢገፋ ግንቡ ይፈርሳል።

"ሂዱ፤ እኔ እዚህ ነኝ" አለ።

ሌሎቹ ከተማ ውስጥ ሲሯሯጡ እሱ ከግንቡ ውጭ ተቀምጦ አደረ። ሊነጋጋ ሲል ጅቡ በቀዳዳው አንገቱን አወጣና "ምን ስትሠራ አደርክ?" አለው።

"የሚገቡትን ስቆጥር" አለ። "አርባ አንድ ናቸው። አርባ ብቻ ናቸው የወጡት።"

ጨዋታውን እዚያ ላይ አቆምኩት። አርባ አንደኛው ማን እንደሆነ እኔም ገና አላሰብኩበትም፤ ቅዳሜ ደግሞ ደርሷል።